ፔኒሲሊን፣ ኢንሱሊን እና የኔ ማብራሪያ

በእኛ ከተማ የሰው በሽታ የግል ንብረት አይደለም። ይህን ስል ማንንም ለመንካት አይደለም፤ ትርፍ ቤት ከመወረሱ በፊትም ድሬዳዋ ውስጥ በሽታ የጋራ ነበር። አንዱን ሰው ራሱን ቢያመው፣ ሕመሙ እሱ ራሱ ጋ በደንብ ሳይደርስ ሦስተኛው ግቢ ይሰማል፤ ከዚያ መድኃኒቱ በአራት ቋንቋ ይታዘዛል። አንዱ ጥቁር አዝሙድ ይላል፣ አንዷ የግመል ወተት፣ ሌላው ጠበል፣ ሌላዋ ደግሞ ቁርአን የተጻፈበት ሰሌዳ የታጠበበት ውሃ። ሕመምተኛው ሁሉንም አመስግኖ ይቀበላል። የትኛው እንዳዳነው ግን እስኪሞት ድረስ አያውቅም።

እኔም ከአዛዦቹ አንዱ ነኝ። ልዩነቴ መጽሐፍ ያለኝ መሆኑ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም፤ እኔ ግን ፈተናው እኔን አላወቀኝም እንጂ እኔ ትምህርቱን አላውቅም ብዬ አላምንም። አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ ኦቾሎኒ ልገዛ ሄጄ፣ ሻጯ ከአንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገጽ እየገነጠለች የባቢሌ ኦቾሎኒ ስትጠቀልልበት አየሁ። የሕክምና መጽሐፍ ነው፤ በሽታዎቹ በፊደል ተራ የተደረደሩበት። ኦቾሎኒውን ትቼ መጽሐፉን ገዛሁ። ታዲያ ሴትዮዋ መገንጠል የጀመረችው ከፊት ስለሆነ ሦስቱ የመጀመሪያ ፊደላት በከተማው ተበልተው አልቀዋል። መጽሐፌ የሚጀምረው ከ«ዲ» ነው። «ዲ» ደግሞ በእንግሊዝኛ የስኳር በሽታ ፊደል ነው። አለርጂ የ«ኤ» ነው። ኦቾሎኒ ተጠቅልሎበት የሄደውን ማን ያውቀዋል?

እንግዲህ ጋሽ ታደለ ስኳር አለባቸው ሲባል የደስታዬን ነገር አትጠይቁኝ። አዘንኩ፣ ማዘኔንስ አዝኛለሁ፤ ጎረቤቴ ናቸው፣ በባቡሩ ጥገና ጋራዥ ሃያ ዓመት ብረት የበየዱ፣ ለግቢው ልጆች ሁሉ የብስክሌት ቸርኬ በነፃ የሚያቀኑ ሰው። ግን በውስጤ አንድ ነገር «አነበብከው፣ አነበብከው» እያለ ይዘላል። በዚያው ሳምንት የቤታቸው ሐኪም ሆኜ ተሾምኩ። ሿሚው እኔው ነኝ። ኢንሱሊኗን ከድሬ ሙቀት የምትድንበት ቦታ አበጀሁላት፤ የገንቦ ግርጌ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ። ሽንታቸውን ከጤና ጣቢያ ባገኘሁት ሰማያዊ የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ ቀቅዬ ቀለሙን እያየሁ ስኳሩን እነግራቸው ጀመር፤ ሰማያዊ እንዳለ ከቀረ የለም ማለት ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ትንሽ አለ፣ ወደ ጡብ ቀለም ከሄደ ግን ወዮ ነው።

ከሁሉ በላይ የኮራሁበት ለግቢው የሰጠሁት ትምህርት ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊሞት እንደሚችል፣ ምልክቱም ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር እንደሆነ፣ ያኔ ሳይዘገዩ ስኳር ማጠጣት እንደሚገባ እየዞርኩ አስተማርኩ። ሰው ሁሉ ያዘው። ሕፃናቱ እንኳ ጋሽ ታደለ ግንባራቸውን ሲጠርጉ ካዩ «ስኳር!» ብለው ይሮጣሉ፤ ሰውየው ድሬዳዋ ውስጥ በወንድ ልጅ ወግ ማላብ ተከለከሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ከምታገኘው ስኳር አንድ ጭብጥ በነጠላዋ ጫፍ ሳትቋጥር ከቤት አትወጣም። ትምህርቱም ሦስት ጊዜ ሠራ፤ ሦስት ጊዜ ጋሽ ታደለ ወድቀው ሦስት ጊዜ በስኳር ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ፕሮፌሰር ሆነ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች፤ እኔ ግን ጥምጣሙ ስላማረብኝ የቀረውን ለመማር አልቸኮልኩም።

የሆነው የሆነው በአንድ እሑድ ጠዋት ነው።

ከሳምንት በፊት የብየዳ ፍንጣሪ በጫማቸው ገብቶ የጋሽ ታደለን እግር አቃጥሎ ነበር። ስኳር ያለበት ሰው እግር አይታመንም፤ ቁስሉ መመርቀዝ ጀመረና ፔኒሲሊን ታዘዘላቸው። የሚወጋቸው ድሬሰር አብዲ ነው፤ ጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ እጁ ቀላል የሆነ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚወደው ሰው። አብዲ እሑድ ከሰዓት ለክትባት ጀልዴሳ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን መርፌ ጠዋት እቤት ሊወጋቸው ተቀጣጠሩ። ጠዋት ግን የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተከፈተ፤ አስቸኳይ ስብሰባ፤ በሰዓቱ ያልተገኘ ስሙ ይያዛል። ስሙ የተያዘ ሰው ኩፖን ላይ ምን እንደሚገጥመው ለማታውቁ አልነግራችሁም፤ ለምታውቁም አያስፈልግም። ጋሽ ታደለ ኢንሱሊናቸውን ተወግተው ዳቦውን ገና ሲቆርሱ ነበር። ግማሹን ጎርሰው ግማሹን ትተው ወጡ።

ስብሰባው ጠቃሚ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠቀመን። የአዳራሹ ቆርቆሮ በሙቀት መንኮሻኮሽ ሲጀምር የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር የአሥር ደቂቃ ዕረፍት ፈቀዱ፤ ከግቢው መውጣት ግን አልፈቀዱም። ያኔ ነው አብዲና ጋሽ ታደለ ከአዳራሹ ጀርባ ኒም ዛፍ ሥር የተገናኙት። ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ የአብዲ ቦርሳ በር ላይ አብዮት ጠባቂው ጋ ነው፤ ለምኖ ስሪንጁንና ፔኒሲሊኑን ብቻ አውጥቷል። እኔም እንደ ሐኪም ባልደረባ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አብዲ መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ ጥቂት ጠብታ ወግቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት ተናገረ። ጋሽ ታደለ ሳቁበት፤ ፔኒሲሊን በሕይወታቸው ስንት ጊዜ እንደ ውሃ ወስደዋል፤ ደግሞ ዕረፍቱ አሥር ደቂቃ ነው፣ ከየት የመጣ ግማሽ ሰዓት? አብዲ ወደ እኔ ዞሮ አየ። ይህን አልረሳውም። ጤና ጣቢያ የሚሠራው ሰው ወደ እኔ ዞሮ አየ። እኔም ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፤ ይቻላል እንደማለት።

ተወጉ። ገባን። ጓድ ሊቀመንበር ካቆሙበት ቀጠሉ።

ከጋሽ ታደለ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ሲያሹ አየሁ። ከዚያ አንገታቸው ላይ ላቡ ሲወርድ። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ። ልቤ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? «አወቅሁት» አለ። ኢንሱሊን ተወግተዋል፣ አልበሉም፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ። ያስተማርኩት ትምህርት አንድ በአንድ ፊቴ ተደርድሮ ቆሟል። ብድግ ብዬ በስብሰባው መሀል ጮህኩ፤ ስኳራቸው ወርዷል!

ሕዝቡ እንዳሠለጠንኩት ሆነ። አንዱ ደገፋቸው፣ አንዱ ቁልፋቸውን ፈታ፣ አንዷ ከጓድ ሊቀመንበር ጠረጴዛ ላይ የውሃውን ብርጭቆ ሳታስፈቅድ አነሣች፣ እትዬ አስካለ የነጠላዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች። ስኳሩ ተበጠበጠ፣ ብርጭቆው አፋቸው ተደቀነ። ውሃው በግራና በቀኝ ተመልሶ ፈሰሰ። እኔ «ይዋጡት፣ ይዋጡት» እላለሁ። እንደገና ቀረበላቸው። አሁንም ፈሰሰ። ከደረታቸው አንድ ድምፅ መውጣት ጀመረ፤ ባቡር ከሩቅ ኩርባ ላይ ሆኖ ሲያፏጭ የሚሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ።

አብዲ ሰዉን ገፍቶ ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ፕሮፌሰር፣ አቦ፣ መርፌዬ እንዳይሆን» አለኝ ቀስ ብሎ።

ስኳር ነው አልኩት። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነው አይቻቸዋለሁ አልኩት። አብዲ ደግሞ የተማረና የተከበረ ሰው ስለሆነ ጠየቀኝ፤ መጽሐፉ ስለ አለርጂ ምን ይላል? እኔ ምን ልበል? ኦቾሎኒ ይላል ልበል? «ስኳር ይላል» አልኩት።

በዚህ መሀል ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም። የጋሽ ታደለ ዓይን ቆብ አብጦ ዓይናቸው መስመር ብቻ ሆኗል። ከንፈራቸው የሌላ ሰው ከንፈር ይመስላል። በደረታቸው ላይ ቀያይ እብጠት እንደ ካርታ ተዘርግቷል፤ እሳቸው ግን ትንፋሽ አጥተው እንኳ ደረታቸውን ይቧጥጣሉ። እኔ ይህን ሁሉ አያለሁ። ስለማላውቀው ግን እንዳላየሁ እያለፍኩ ላቡን ብቻ እቆጥራለሁ።

እትዬ አስካለ ብርጭቆውን አስቀመጠች። አልጮኸችም። ዓይኗን ከባሏ ደረት ሳትነቅል እንዲህ አለች፤

«ይሄ ስኳሩ አይደለም። ስኳር ሲያንሰው ይሳደባል እንጂ ገላውን አያክክም።»

መጽሐፍ አላነበበችም። ያነበበችው ሰውየውን ነው።

አብዲ ከዚያ በኋላ እኔን አላየኝም። ቦርሳው ውስጥ ለእንዲህ ያለው አለርጂ የሚወጋው አድሬናሊን አለ፤ ቦርሳው በር ላይ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ደግሞ ቦርሳ ወደ አዳራሽ የሚገባው ጓድ ሊቀመንበር ሲፈቅዱ ብቻ መሆኑን ለአብዲ ያስረዳዋል። ጠባቂው ክፉ ሰው አይደለም፤ ታዘዘ፣ ጠበቀ። ጓድ ሊቀመንበር ደግሞ ከሰዉ ግርግር ባሻገር ሆነው ምን እንደተጠየቁ አልሰሙም። እትዬ አስካለ በመካከላቸው ገብታ ቦርሳውን ከጠባቂው እግር ሥር አነሣችና ዞራ ሄደች። ጠባቂው ጠመንጃውን አስተካከለ። ምንም አላደረገም። ኋላ ሲጠየቅ አላየኋትም አለ አሉ፤ እግዜር ይስጠው።

አብዲ መርፌውን በሱሪያቸው ላይ ጭናቸው ውስጥ ሰደደው። ከዚያ መጠበቅ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያችን ቀጭን ፉጨት እየሰማ ቆመ። ፉጨቱ ቀነሰ። ሲቀንስ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ትንፋሹ ራሱ አልቆ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እትዬ አስካለ እጇን ደረታቸው ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላለች። አብዲ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን ሰከንድ ይቁጠር አላውቅም። አንድ ረጅም ትንፋሽ ገባ። ከዚያ ሌላ። ጓድ ሊቀመንበር ይህን ጊዜ ስብሰባው ለአምስት ደቂቃ መቋረጡን አስታወቁ።

በጋሪ ጭነን ወደ ከዚራ ክሊኒክ ገሰገስን። የከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ስንደርስ ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን ገልጠው ጋሪ ነጂውን ሰደቡት። ቀጥለው ፈረሱን። ቀጥለው የፈረሱን እናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ለመጻፍ የማይመች ነገር ተናገሩኝ። ግንባራቸው እንደገና በላብ ርሷል። እትዬ አስካለ እያለቀሰች ሳቀች። «አሁን ስኳሩ ነው» አለችና የቀረውን ስኳር በጣቷ እየቆነጠረች አላሰቻቸው። የምላሳቸው እብጠት ጎድሎ ነበርና ዋጡት። ክሊኒኩ በር ስንደርስ ፈረሱን ይቅርታ ጠየቁት።

ሁለት ሌባ፣ አለርጂውና የስኳሩ መውረድ፣ በአንድ በር ገብቶ ነበር ማለት ነው። ዶክተሯ ጋሽ ታደለን አስተኝታ አንድ ወረቀት ጻፈችላቸው፤ ፔኒሲሊን እስከ ዕድሜ ልክ ክልክል። ለእሳቸው የሚያስፈልጋቸው ይህችው ናት አለች። እኔ ግን በዚህ የምመለስ ሰው ነኝ? ተከትያት ኮሪደር ለኮሪደር ሄድኩ። ስለጠየቅኋት ነገረችኝ። ሰውነት የራሱ ጥበቃ አለው፤ ፔኒሲሊንን ድሮ አይቶ መልኩን መዝግቦ ይዞታል፤ አንድ ቀን ሲያየው ጠላት መስሎት በገዛ ቤቱ ላይ ይተኩሳል። (ይህ የሕክምና ጉዳይ ነው፤ ከሌላ ጥበቃ ጋር እያነጻጸርኩ አይደለም።) ኢንሱሊን ተወግቶ ባዶ ሆዱን በዋለ ሰው ላይ ይህ የሰውነት ቁጣ ሊበረታ ይችላል፤ አድሬናሊን ጉበትን አንኳኩቶ ስኳር ያስወጣል እንጂ፣ ቁርስ ያልበላ ጉበት ምን ያወጣል? ከዚያ ያችን የተረገመች ነገር ጨመረችልኝ፤ ስኳራቸው ከፍ ባለ የቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ደግሞ ቁጣው ለዘብ ሲል ታይቷል። «ለሰው ግን እንዲህ ነው ብዬ አልምልልህም፤ ስኳሩ ራሱ ነው የሚገድለው» አለች።

የንግግሯን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ይዤ ሰፈር ገባሁ።

ምን ታደርጉታላችሁ? ሰው እንደ ልማዱ ነው። አፍሬ ዝም የምልበት ሳምንት ነበር፤ እኔ ግን ያጠፋሁትን በማብራራት የምክስ መሰለኝ። ለአብዲ አብራራሁ፣ ለግቢው አብራራሁ፣ ጋሽ ታደለ አልጋ ጠርዝ ተቀምጬ ኢንሱሊንና አይጦቹን፣ ቁጣውንና ስኳሩን በጣቴ አየር ላይ እየሣልኩ አብራራሁ። በጥሞና ሰሙኝ። እንዲህ በጥሞና ሰምተውኝ አያውቁም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ሳሚው በጣም ሲወድ ጭምር ነው።

ከዚያ የአክስቴን ልቅሶ ልደርስ ሐርላ ሄድኩ። በአምስተኛው ቀን ስመለስ እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቀችኝ። መርፌውን ትቶታል፣ ውሃ ብቻ ይጠጣል፣ አንተን ነው የሚጠቅሰው አለችኝ። ገንቦው ሥር አሸዋውን ገለጥኩ። የኢንሱሊኗ ብልቃጥ ትቻት እንደሄድኩ ናት።

ጋሽ ታደለ ከስተዋል። ትንፋሻቸው እንደበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፤ ይህ ሽታ ከ«ዲ» ውስጥ ነው፣ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው መተኛት ነው፣ ከመተኛቱ በኋላ ያለውን መጽሐፉም ባጭሩ ነው የሚያልፈው። ኢንሱሊኑን ለምን እንደተዉት ጠየቅኋቸው።

«አንተ ነህ ያስተማርከኝ» አሉ። «ፔኒሲሊን ድሮ ስንት ጊዜ ተወግቼ ምንም አላለኝም። ኢንሱሊን ከጀመርኩ በኋላ ስወጋው ሞቼ ተመለስኩ። ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? ስኳሬ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ጋሻ ይሆነኝ ነበር። አይጦቹን አንተ አይደለህ ያመጣሃቸው?»

ማብራራት ጀመርኩ። ጥፋተኛው ፔኒሲሊኑ ነው፣ የድሮዎቹ መርፌዎች ናቸው ሰውነትዎን ያስተዋወቁት አልኩ። እሳቸውም፣ ታዲያ ኢንሱሊኑንስ ሰውነቴ እየተዋወቀው ቢሆንስ አሉ። ይህ በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚሆን ነው አልኩ። ይሆናል ማለት ነዋ አሉ። አይጥ ሰው አይደለም አልኩ። ታዲያ ለምን አይጥ ነገርከኝ አሉ። የበያጅ ነገር እንዲህ ነው፤ የጣልኩላቸውን ብረት ሁሉ አንሥተው ከሐሳባቸው ጋር ይበይዱታል። በተናገርኩ ቁጥር አጥሩ ይጠነክራል። በዚያ ላይ እያዛጉ ነው፤ ዓይናቸው ይከደናል።

«አንተ ልጅ» አለች እትዬ አስካለ፣ «በመድኃኔዓለም፣ አንዴ አፍህን ያዝ።»

ሽንታቸውን ተቀብዬ ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር ቀቀልኩት። አረንጓዴ ላይ አልቆመም። ቢጫ ላይም አልቆመም። ጡብ ሆኖ፣ ከጡብም አልፎ እንደ ዛገ ብረት ሆነ። የቀቀልኩባትን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ቀለም አይቼ አላውቅም። ልናገር አስቤ ያዘጋጀሁት ማብራሪያ ሁሉ ጠፋ። ብልህ ሆኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ታደለ።

አልመለስኩም።

«ምነው? ብዙ ነው?»

ዝም አልኩ። ትራሳቸው ላይ ትንሽ ቀና ብለው ፊቴን አዩት።

«አስካለ፣ ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?»

«እኔ እንጃ» አለች። «እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

ጋሽ ታደለ እኔንና ብልቃጧን በየተራ ተመለከቱ። የሚይዙት ብረት፣ የሚበይዱት ነገር ፈልገው አጡ። ከዚያ የሸሚዛቸውን እጅጌ በቀስታ መጠቅለል ጀመሩ።

«አምጪው በይ» አሉ። «ፕሮፌሰሩ ዝም ካለ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው።»

ከተወጉ በኋላ ጋሪ ጠርተን እንደገና ወደ ከዚራ ጉዞ ጀመርን። መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ጋሽ ታደለ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝና ጋሪ ነጂውን ፍጠን አሉት።